ጠያቂና ፈቃጅ

፩

ጠያቂ፦ ኢዮስያስ ተካልኝ
ፈቃጅ፦ ትርሲት ወንድይፍራው
ውጤት፦ ተፈጽሟል

ትርሲት እኔ ነኝ።

አልፈቀድኩም።


፪

በቁጥር የከፋፈልኩት ቄንጠኛ ለመምሰል ብዬ አይደለም። መጀመሪያ በአንድ ትንፋሽ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ መሐል ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ወደ ስድብ እየተለወጠ አስቸገረኝ። ስለዚህ ቆራርጬዋለሁ። በአንዱ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ባዶ ቦታ ስታዩ፣ ተነሥታ ፊቷን ታጥባ የተመለሰችበት ነው ብላችሁ እለፉት።

ደግሞ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሁለቱንም ወገን እኩል የምታዳምጥ ጸሐፊ ከፈለጋችሁ እዚህ አታገኟትም። ተከድቻለሁ። የተከዳ ሰው እንዴት እንደሚያወራ ታውቃላችሁ።


፫ ስለ መሣሪያው

ሰርቨር ማለት ሌላ ቦታ ተቀምጦ ለእናንተ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። የእኛዎቹ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ፣ ሲበዛ በሚቀዘቅዝ ሕንፃ ውስጥ ተደርድረው ይውላሉ። የሌሎች ድርጅቶችን ፋይል እናስቀምጣለን፤ የሆስፒታል፣ የትምህርት ቤት፣ የአስመጪ። ድሮ አንድ ነገር ሲበላሽ እኔና ኢዮስያስ ቢሮ ቁጭ ብለን፣ በስክሪን በኩል ገብተን፣ ትእዛዝ በትእዛዝ እየጻፍን እናስተካክል ነበር።

አሁን ኤጀንት መጥቷል። ኤጀንት በሰው ቋንቋ የምታዙት፣ መንገዱን ራሱ የሚፈልግ ፕሮግራም ነው። «ይሄ ሰርቨር ምን ሆኖ ነው የተንቀራፈፈው?» ብላችሁ ብትጽፉለት ቁጭ ብሎ ያስብና ይመልሳል። ችግሩ፣ ከመመለስ ሌላ ምንም ማድረግ አይችልም ነበር። ወደ ሰርቨሮቹ የሚገባበት በር አልነበረውም።

በሩን የሠራነው እኔና ኢዮስያስ ነን። ኤጀንቱ እዚህ ሆኖ እዚያ ያለውን ሰርቨር እንዲያዝ የሚያደርግ መሣሪያ ሠራንና «ክንድ» አልነው። ስሙን ያወጣው እሱ ነው። ሥራውንም ቢሆን አብዛኛውን የሠራው እሱ ነው፤ የማይካድ አልክድም። እኔ የሠራሁት መቆለፊያውን ነው።

መቆለፊያው እንዲህ ይላል። ማንኛውም ነገር ከመጥፋቱ በፊት አንድ ሰው ይጠይቃል፣ ሌላ ሰው ይፈቅዳል። ጠያቂና ፈቃጅ አንድ ሰው መሆን አይችሉም። ኤጀንቱ ጥያቄውን ይዞ የዕለቱ ተረኛ ስልክ ላይ ይመጣል፤ ተረኛው አንብቦ «ፍቀድ» ወይም «ከልክል» የሚለውን ይጫናል። በስሕተት ለጠፋ ነገር ተጠያቂው ፈቃጁ ነው።

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ያስገባኋት እኔ ነኝ። ኢዮስያስ ያን ቀን ስቆ «አቤት ክፋትሽ!» ብሎኝ ነበር።


፬ ስለ ኢዮስያስ

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም። ክፉ ሰው ሲጎዳኝ «ድሮም አውቀው ነበር» ብዬ እተኛለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥነው። ምሳ የምንበላው አንድ ላይ ነው። ሲያመኝ መድኃኒት ይዞ ይመጣል፤ ሲያመው ሾርባ እሠራለታለሁ። ሰዎች «እናንተ ለምን አትጋቡም?» ሲሉን እሱ «ከእህቱ ጋር የተጋባ ሰው የት አያችሁ?» ብሎ አፋቸውን ያስይዛቸዋል። ወንድም የለኝም። ወንድሜ እሱ ነበር።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ ቢሾፍቱ ተቀመጠ። እኔን መኪና መንዳት አላስተማረኝም። «አንቺ ትቆጫለሽ፤ መንገድ የተቆጣ ሰው አይወድም» ይለኛል። ኢዮስያስን ግን ለበዓል ይዤው በሄድኩ ቁጥር ከምሳ በኋላ ቁልፍ አንሥቶ ይዞት ይጠፋል። እናቴና እኔ ሳህን ስናጥብ እነሱ ማርሽ ይቀያይራሉ። መንጃ ፈቃዱን ያወጣ ዕለት መጀመሪያ የደወለው ለአባቴ ነው። አባቴም «ልጄ!» ብሎ ጮኸ። ስልኩ ላይ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ።

ያን ቀን ትንሽ ቀንቼ ነበር።


፭ መመሪያ፦ ሐዘንተኛ ስልኩን ምን ያደርገዋል?

ሰው ሲሞትባችሁ ስልካችሁን ትሰጣላችሁ።

መቼ እንደሰጣችሁት አታስታውሱም። አንድ የቅርብ ሰው መጥቶ «አምጪው፣ እኔ ልያዘው» ይላል። ከእጃችሁ ላይ ይወስደዋል። መክፈቻ ቁጥሩን ይጠይቃችኋል፤ ትነግሩታላችሁ። ከዚያ በኋላ የሚደውለውን ሁሉ የሚያነጋግረው እሱ ነው። «አዎ፣ ትናንት ጠዋት ነው። አዎ፣ ሳይታሰብ ነው። ቀብሩ ስድስት ሰዓት። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ድንኳን ታያላችሁ።»

ስልክ የሚይዝ ሰው ዝም ብሎ አይመረጥም። ድምፁ የማይንቀጠቀጥ፣ ዘመዶቻችሁን በስም የሚያውቅ፣ ከእናንተ በላይ የምታምኑት ሰው መሆን አለበት።

መሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ «የሥራ ስልክዎን ለማንም አይስጡ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የጻፈው ሰው ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሎበት አያውቅም። አባቷ ሞቶ፣ ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ስልኳን የምትጎረጉር ልጅ ብታዩ ምን ትላላችሁ?

ልክ ናችሁ። እኔም እላለሁ።


፮ ድንኳኑ

አባቴ ደም ግፊት ነበረበት። ቁርሱን በልቶ፣ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ፤ ቀና አላለም።

ኢዮስያስ እኔ ከመድረሴ በፊት ደርሶ ነበር። መርዶውን ሰምቶ፣ ለእኔ ሳይነገር ቀድሞ ወጥቶ፣ ድንኳን ተከራይቶ፣ ወንበር አስመጥቶ ጠበቀኝ። እኔ ስደርስ መሬት ላይ ወደቅኩ፤ ያነሣኝ እሱ ነው። ስልኬን የወሰደው እሱ ነው። «ተረኝነትሽን ወደ እኔ አዙሬዋለሁ፤ ስለ ሥራ እንዳታስቢ» ያለኝም እሱ ነው።

አላዞረውም። ረስቶት ነው ብዬ አምናለሁ። እስከዚህ ድረስ አሁንም አምነዋለሁ።

ከቀብሩ ማግስት ከቢሮ ሚኒባስ ሞልተው መጡ። ኃላፊያችን አቶ ጌታሰው ከፊት ወንበር ወረዱ። ፍሬሕይወትም መጣች፤ ደንበኞች ሲደውሉ የምታነጋግር ልጅ ናት፣ ከእኛ ጠረጴዛ ማዶ ነው የምትቀመጠው። ተቀምጣ መነፋረቅ ስለማትችል ተነሥታ ለለቀስተኛው ውሃ ታድል ጀመር።

ኢዮስያስ ድንኳኑ መግቢያ፣ ምሰሶው ጋ ቆሟል። በአንድ እጁ የእኔ ስልክ፣ በሌላው የራሱ። ሁሉም እያየው ገባ፤ ሁሉም እያየው ወጣ። አክስቴ አጠገቤ ሆና «ይሄን ልጅ ተመልከቺ፤ ሲቆም ዋለ፤ እግዜር ይባርከው» አለች።

እኔም በሆዴ አሜን አልኩ።


፯ ምሰሶው ጋ የሆነው

ይሄን ያየሁት ሐዘን ጨርሼ ሥራ ስገባ ነው። ሎግ እንለዋለን፤ ኤጀንቱ የሰማውን፣ የተናገረውንና ያደረገውን ሁሉ እየጻፈ የሚያስቀምጥበት ነው። ቃል በቃል እንዲህ ይላል።

ኢዮስያስ፦ የሆስፒታሉ ሰርቨር ዲስኩ ሞልቶ ሊቆም ነው እያሉ ይደውላሉ። ቶሎ ቦታ አስለቅቅ

ኤጀንት፦ አየሁት። ብዙውን ቦታ የያዘው «አሮጌ ምስል» የሚባል ፎልደር ነው። ውስጡ የበሽተኞች የራጅና የሲቲ ስካን ምስሎች አሉ። ወደ አዲሱ ዲስክ መገልበጣቸውን ማረጋገጥ አልቻልኩም። ላጣራ?

ኢዮስያስ፦ ተገልብጧል እኔ ነኝ የገለበጥኩት። አጥፋው

ኤጀንት፦ እሺ። ማጥፋት የሁለተኛ ሰው ፈቃድ ይፈልጋል። ለዕለቱ ተረኛ ልኬያለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ስልክ ላይ የመጣው ነው።

ኤጀንት፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ወይዘሪት ትርሲት። አቶ ኢዮስያስ «አሮጌ ምስል» የሚለው ፎልደር እንዲጠፋ ጠይቀዋል። ከጠፋ አይመለስም። ሌላ ቅጂ መኖሩን አላረጋገጥኩም። በተጨማሪም ዛሬ የሐዘን ዕረፍት ላይ እንደሆኑ ተመዝግቧል። ሌላ ፈቃጅ ልፈልግ?

ትርሲት፦ ፍቀድ

ኤጀንት፦ ተፈጽሟል። እግዚአብሔር ያጽናዎት።

«ትርሲት» የሚለው እዚያ ላይ የተጻፈው ስልኩ የእኔ ስለሆነ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት እናቴን ደግፌ ድንኳኑ ውስጥ ነኝ፤ ዓይኔ አብጦ ሰው እንኳ መለየት አቅቶኛል።


፰

እና ተገልብጧል ያለው አልተገለበጠም ነበር። ግልባጩን ጀምሮት ሄዷል፤ መሐል ላይ ተቋርጧል፤ ተመልሶ አላየውም። እንዲህ ዓይነት ነገር በማንም ይደርሳል። በእኔም ደርሷል።

ከሆስፒታሉ የደወሉት ሲስተር አስናቁ ናቸው፤ የምስል ክፍሉን የሚያስተዳድሩት። አልተቆጡም። ብቻ ድምፃቸው ደክሟል። «ልጄ፣ አንዲት በሽተኛ እዚህ ፊቴ ተቀምጣለች። ሳንባዋ ላይ የታየው ነገር የድሮ ነው ወይስ አሁን የመጣ? ዶክተሩ የባለፈውን ምስል አምጪ አለኝ። ከየት ላምጣ?» አሉኝ።

ምን ብዬ ልመልስ? «አጣራለሁ» አልኳቸው። አጣራሁ። ፈቃጅ በሚለው ፊት ለፊት ስሜ ቁጭ ብሏል።


፱ ደረጃው ላይ

ደረጃው ላይ የተነጋገርነውን አልቀዳሁትም። ወንድሙን የሚቀዳ ማን አለ?

እኔ፦ አንተ ነህ የተጫንከው።

ኢዮስያስ፦ እኔ ነኝ።

እኔ፦ ለምን?

ኢዮስያስ፦ ጠያቂው እኔ ስለሆንኩ ጥያቄው ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል ብዬ ነበር፤ ያንቺ ስልክ ጮኸ። እኔን ደግሞ ከዚያ ከዚህ ያዋክቡኛል፣ አስከሬን የሸኘንበት መኪና ባለቤት ቆሞ ይነዘንዘኛል… ሳላነበው ተጫንኩት። ወላሂ፣ በእናቴ፣ በፈለግሽው እምላለሁ፣ ሳላነበው ነው።

እኔ፦ አምንሃለሁ።

ኢዮስያስ፦ ትርሲ፣ ደንግጫለሁ።

እኔ፦ ንገራቸዋ።

ኢዮስያስ፦ እነግራቸዋለሁ። ሰኞ ስብሰባው ላይ፣ በራሴ አንደበት።

እንባው መጣ። አቅፌ አባበልኩት። ጥቁር ልብሴን ሳላወልቅ፣ እኔ እሱን አባበልኩት!


፲

ሰኞ።


፲፩

አቶ ጌታሰው ሎጉን በትልቁ ስክሪን ላይ አሳዩን። አንድ በአንድ አነበቡት። «ፍቀድ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው አዩኝ። እኔ ደግሞ ኢዮስያስን አየሁት። ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ። በቃ፣ ቃሉን ሊጠብቅ ነው።

ኢዮስያስ፦ እኔ አንድ ነገር ልበል። ጠያቂው እኔ ነኝ፤ ግልባጩን አለማጣራቴ ስሕተት ነው፤ እቀበላለሁ። ስለ ትርሲት ግን… እባካችሁ፣ እንደ ሰው እንያት። አባቷን የቀበረች ማግስት ነው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ያን ቀን እንኳን ስልክ፣ ሰውም አትለይም ነበር። ጮኸባት፣ ዝም እንዲልላት ተጫነችው። ዛሬ ብትጠይቋት ላታስታውሰውም ትችላለች። አቶ ወንድይፍራው ለእኔም አባቴ ነበሩ። በእሳቸው ይሁንባችሁ፣ እንዳትጨክኑባት።

ቤቱ በሙሉ ከንፈር መጠጠ።

የሰማሁትን ለመረዳት ጊዜ ፈጀብኝ። ምልጃ ነው። አማልዶኝ ተቀመጠ። እኔ ባላጠፋሁት ጥፋት፣ በአባቴ ሞት ለመነልኝ። «እሷ ናት» ብሎ ጣቱን ቢቀስርብኝ በቀለለኝ፤ ተነሥቼ ባነቅኩት። ማርሽ ያስተማረውን ሰው መሸፈኛ አደረገው!

«ውሸት ነው» አልኩ። ድምፄ ተሰብሮ ወጣ። አንዲት ልጅ ወንበሯን አስጠግታ ጀርባዬን ታሸኝ ጀመር። «አይዞሽ፣ አልቅሺ፤ ይውጣልሽ» አለችኝ።


፲፪

(እዚህ ቁጥር ላይ ስድብ ነበር። አወጣሁት። ቦታው ይቅር።)




፲፫ ምርጫዬ

ብፈርም፦ ያቀረቡልኝ «በሐዘን ምክንያት ሳላስተውል ፈቅጃለሁ» የሚል ደብዳቤ ነው። ሥራዬ ላይ እቆያለሁ። ክንድን ግን አልነካውም። መቆለፊያውንም ሌላ ሰው ይረከባል።

ባልፈርም፦ እሰናበታለሁ፤ «በከባድ ቸልተኝነት» ተብሎ ማኅደሬ ላይ ይሰፍራል። በዚህ ሙያ እንዲህ የተጻፈባትን ሰው ማንም ሰርቨሩ አጠገብ አያስደርሳትም።

አክስቴ ትመስክር አልኩ። ጉዳዩን የሚያየው የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ የቤተሰብ ምስክር አይቀበልም አሉ። እናቴንማ ለማንሣትም አልደፈርኩ።

ከቢሮ የመጡት ይመስክሩ አልኩ።

«ማን?» አሉኝ አቶ ጌታሰው።


፲፬ ማን?

ምሳ ሰዓት ላይ ባልደረቦቼ ሰብሰብ ብለው መጡ። ሽምግልና መሆኑ ነው። ምግብ አዝዘውልኛል፤ አልተነካም።

— ፈርሚና ይለቅ፣ ትርሲ። ማንም አልተቀየመሽም እኮ።

— ስልኬን የያዘው እሱ ነበር።

— እሱ ለአንቺ ያልሆነው ምን አለ? ድንኳን እንኳ የተከለ እሱ አይደል?

— ስልኬን የያዘው እሱ ነበር ነው የምላችሁ። መግቢያው ላይ፣ ሁለት ስልክ ይዞ። አላያችሁም?

አንዱ ጨው እንዲያቀብሉት ጠየቀ።

— እኛ እንግዲህ ለቅሶ ነው የደረስነው፤ ስልክ ልናይ አልሄድንም።

— ቆይ፣ ቢይዘውስ? ሰው ሐዘን ላይ ተለምኖ ስልክ ቢይዝ ይሄ ምስጋናው ነው?

— ደግሞ አንቺስ ለምን ሰጠሽው? ወረቀቱ ግድግዳ ላይ አለ።

ይቺን ያለችኝ ባለፈው ዓመት እናቷ ስትሞት ስልኳን እኔ የያዝኩላት ልጅ ናት። እስከ ሣልስት ድረስ የእሷን የሥራ መልእክት ሳይቀር እኔ ነኝ «ሐዘን ላይ ናት» እያልኩ ስመልስ የከረምኩት። ቀና ብዬ አየኋት። ሰላጣውን እየለቀመች ነው።

ያን ቀን የገባኝ ነገር አለ። ኢዮስያስን የሚጠሉት ቢሆን ኖሮ ሁሉም አይተው ነበር።


፲፭ ኤጀንቱን ጠየቅኩት

የመግቢያ ፈቃዴ ከመነሣቱ በፊት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ክንድን ከፍቼ።

እኔ፦ ያን ቀን የፈቀደልህ ማን ነው?

ኤጀንት፦ ፈቃዱ የመጣው ከእርስዎ ስልክ ነው፣ ወይዘሪት ትርሲት።

እኔ፦ እኔ ነኝ የተጫንኩት?

ኤጀንት፦ ያን ማወቅ አልችልም። ስልኩን አውቃለሁ፤ የያዘውን ሰው አላይም።

እኔ፦ ግን ጠርጥረሃል። «ሌላ ፈቃጅ ልፈልግ?» ብለሃል።

ኤጀንት፦ ሐዘን ላይ ስለነበሩ ነው። ለውሳኔው ጥሩ ቀን አልመሰለኝም። አሁን ሳስበው፣ ፈቃዱ ቢመጣም ከማጥፋቴ በፊት ግልባጩን ማጣራት ነበረብኝ። የእኔ ድርሻ ይሄ ነው፤ ለኮሚቴውም ጽፌላቸዋለሁ።

እኔ፦ እኔ አለመሆኔንም ንገርልኝ።

ኤጀንት፦ የማውቀውን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ያላየሁትን ግን አየሁ ማለት አልችልም። አዝናለሁ። በዚያ ሰዓት አጠገብዎ የነበረ፣ ያየ ሰው አለ?

ልትስቁብኝ ትችላላችሁ፤ ስክሪኑ ፊት አለቀስኩ። በዚያ ሁሉ ቀን ውስጥ ድርሻዬ ይሄ ነው ያለኝ አንድ እሱ ነው። ያየ ሰው አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝም እሱ ብቻ ነው።


፲፮ ፍሬሕይወት

ታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ዞሬ ሳያት ፊቷ ልክ አልነበረም።

«አይቼዋለሁ» አለችኝ።

ሰልፉን ትተን ወጣ አልን። ውሃ ይዛ ወደ ምሰሶው ስትደርስ የኢዮስያስ ሁለቱም እጁ ተይዟል፤ ብርጭቆውን ለመቀበል የራሱን ስልክ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ። ሳይጠጣ የእኔ ስልክ ጮኸ። አየው። በአውራ ጣቱ ተጫነው። «ምንድን ነው?» ብትለው «የሥራ ነው፤ እንዳትነግሪያት፣ ትጨነቃለች» አላት።

«እኔ ደግሞ ምን የመሰለ ጓደኛ ነው ያላት ብዬ…» አለችና አልጨረሰችውም።

— ሰኞ ዕለት ለምን ዝም አልሽ?

— እሱ ሲናገር… እኔ ራሴን ተጠራጠርኩ። ሰው እንዲህ እያለቀሰ ይዋሻል?

— አሁንስ?

— አሁን አልጠራጠርም።

— ታዲያ ትናገሪያለሽ?

መሬት መሬት አየች። የክፍሉ ኃላፊነት ለኢዮስያስ እንደሚሰጥ በቢሮው ውስጥ ሁሉም ያውቃል። እሷ ደግሞ ቋሚ አይደለችም፤ ኮንትራቷ መስከረም ላይ ያልቃል፤ የሚያድሰው የክፍሉ ኃላፊ ነው። ትንሽ ልጅ አላት። አባትየው የለም።

«ትርሲ፣ አትጥሪኝ» አለች። ደግሞ «ከጠራሽኝ ግን…» አለች። ታክሲው መጣ። ገባች።

ያን ሌሊት አልተኛሁም ብል ማጋነን ነው፤ ተኝቻለሁ። ግን ስነቃ ወስኜ ነበር። እጠራታለሁ። ጭካኔ ነው ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ጭካኔ ነው። ስሜ ተነጥቋል፤ ያየችው እሷ ናት፤ ሌላ ማንን ልጥራ?


፲፯ ሁለተኛው ስብሰባ

አቶ ጌታሰው፦ ደብዳቤው ይኸው። አንብበሽዋል። ትፈርሚያለሽ?

እኔ፦ ከመፈረሜ በፊት አንድ ሰው አንድ ጥያቄ እንዲጠየቅልኝ እፈልጋለሁ።

አቶ ጌታሰው፦ ማን?

እኔ፦ ፍሬሕይወት።

ኢዮስያስ፦ አቶ ጌታሰው፣ ይቅርታ፣ ይቺን ልጅ ምን ብለን እናስጨንቃታለን? ትርሲ፣ በአባትሽ ነፍስ…

እኔ፦ አባቴን አትጥራ።

ኢዮስያስ፦ እኔ ለአንቺ ብዬ ነው።

እኔ፦ ከእንግዲህ አባቴን በአፍህ አትጥራ!

(አቶ ጌታሰው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።)

አቶ ጌታሰው፦ ወይዘሮ ፍሬሕይወት፣ ይግቡ። ይቀመጡ።


፲፰

ቀጥሎ የሆነውን አውቃለሁ። ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ጽፌው ነበር፤ አጠፋሁት።

ብጽፈው እሷን ወይ ታመሰግኗታላችሁ ወይ ትረግሟታላችሁ፣ ከዚያ ገጹን ዘግታችሁ ወደ ጉዳያችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ ደግሞ በፍሬሕይወት እንድትፈርዱ አልፈልግም። ምሳ ሰዓት ላይ የመጡት ሁሉ ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ እንደ እናንተ።

ስለዚህ እሷን አስነሡና ወንበሩ ላይ እናንተ ተቀመጡ። አቶ ጌታሰው ፊት ለፊታችሁ ናቸው። ኢዮስያስ በቀኛችሁ ነው፤ መስከረም ላይ ኮንትራታችሁን ይዞ የሚጠራችሁ እሱ ነው፤ አሁን አያያችሁም፣ ጥፍሩን ያያል። እኔ በግራችሁ ነኝ። ልጃችሁን ከትምህርት ቤት የምታወጡበት ሰዓት ደርሷል።

አይታችኋል።


፲፱

አቶ ጌታሰው፦ ለቅሶው ላይ የትርሲትን ስልክ የያዘ ሰው አይተዋል?

—